ሽታውም ይለካ ያለችው ሚርና

ሚርና መሞቷን የነገረችኝ እናቷ ማዳም ኢቬት ናት። ቤሩት፣ ባዳሮ ሰፈር፣ አሁን በምሠራበት ቤት ኩሽና ውስጥ ዓሣ እያጸዳሁ ሳለ የድምፅ መልእክት ገባልኝ። «ዛህራ፣ ሚርና ዐረፈች። አስከሬኗ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ትንሽ ይቆያል። ለቅሶ ስንቀመጥ እነግርሻለሁ፤ ትመጫለሽ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ቃል የለም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ስልኩን መዝጋት የረሳች ይመስለኛል። ቢላዋውን አስቀምጬ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት።

ለቅሶው እነሱ በሚኖሩበት ሲን ኤል ፊል ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ነበር። ሄጄ አንጀቴ አርሮ ተመለስኩ። ሰዉ ጥቁር ለብሶ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ፣ ስኳር የሌለው ቡና በትንንሽ ሲኒ እየጠጣ «ማላክ ነበረች፣ መልአክ!» ይባባላል። ሚርና በሕይወት ሳለች የቤታቸውን ደረጃ ረግጣ የማታውቅ አንዲት አክስት «ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለች ነበር የኖረችው» እያለች ታለቅሳለች። ውሸት ነው። ሚርና ፈገግ የምትለው የሚያስቅ ነገር ሲኖር ብቻ ነበር። በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ የላከው ትልቅ የአበባ ጉንጉን ቆሟል። ቅርጹ ቢራቢሮ ነው። ያየሁት ጊዜ ምራቄን የምተፋበት ቦታ አጣሁ።

እሷ ብታየው የምትለው አንድ ቃል ነበር፤ «አራፍ!» ሊባኖሶች የሚያቅለሸልሽ ነገር ሲገጥማቸው የሚሏት ቃል ናት። ሚርና ግን ለቁስልና ለመግል ስትላት ሰምቼ አላውቅም። ለከንፈር መጠጣ፣ ለ«አይዞሽ»፣ ለ«መልአክ» ነበር የምትላት። ያን ቀን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ እሷ እውነቱን የሚናገር ሰው አልሰማሁም። ስለዚህ እኔ ልናገር።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ የከሚሴ። ማዳም ኢቬት ቤት ስገባ ሚርና ሃያዎቹን ያጋመሰች ልጅ ነበረች። በሽታዋ ከዘር የሚመጣ፣ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ የቆዳ በሽታ ነው። እናትም አባትም ጤነኞች ናቸው፤ ሳያውቁት በደማቸው ተሸክመውት ኖረው እሷ ላይ ተገናኘ። የእኔና የእናንተ ቆዳ ከሥጋችን ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ የእሷ የሚያጣብቀው ነገር ከፍጥረቷ የለውም። ሸካራ ልብስ ቢነካት፣ ሰው ክንዷን ጠበቅ አድርጎ ቢይዛት፣ ውሃ ይቋጥርና ይላጣል። ጠባሳው ጣቶቿን አንድ ላይ ሰፍቷቸው እጆቿ እንደ ቡጢ ሆነው ቀርተዋል። ጉሮሮዋም በውስጥ ጠቦ ከሾርባና ላብነ ከሚሉት ወፍራም እርጎ በቀር አይወርድላትም።

ሐኪሞቹ እንደ እሷ ያሉትን «የቢራቢሮ ልጆች» ይሏቸዋል፤ ቆዳቸው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ስስ ነው ለማለት። ሚርና ይህን ስትሰማ ቅንድቧን ወደ ላይ አንስታ ምላሷን ታጮኻለች። የሊባኖስ ሰው «አይሆንም» የሚለው እንደዚያ ነው፤ እጅ ስለማይፈልግ ለእሷ ይመቻታል። «ቢራቢሮ መግል ይይዛል እንዴ?» ትላለች። «ቢራቢሮ ፋሻ ይነቀልለታል?»

ፋሻ የሚቀየርበት ቀን የቤቱ ሁሉ መከራ ነበር። ገንዳው ውስጥ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውሃ እሞላለሁ፤ ከነፋሻዋ ትገባለች። የተጣበቀው እስኪለቅ ትዘፈዘፋለች። ከዚያ ቀስ እያልኩ አነሳለሁ። ፋሻው ሲነሳ የሚወጣው ሽታ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ። ሥጋ በሙቀት አገር ውሎ ሲያድር፣ በላዩ ላይ ጣፋጭ ነገር ተደፍቶበት። የመጀመሪያው ቀን መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ። ዞር ስል ገንዳው ውስጥ ሆና በእርጋታ እያየችኝ ነው።

«ኸላስ? ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«ያላ፣ ግራ እግሬ ይቀራል።»

ወላሂ፣ ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

እናቷ ወደዚያ ክፍል አትገባም ነበር። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ልጇን ትወዳለች፤ ለሐኪም ያልሮጠችበት ቦታ የለም። ሽታውን ግን የለም ብላ ወስና ነበር። በየበሩ የብርቱካን አበባ ውሃ ትረጫለች፣ መጋረጃውን በየጊዜው ታሳጥበኛለች፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል ሚርናን ወደ ኋላ በረንዳ ታወጣታለች። «ለአንቺ ብዬ ነው፣ ነፋስ ይንካሽ» ትላታለች። ሚርናም «ሜርሲ ማማ» ብላ ትወጣለች። ቤቱ ውስጥ ስለ ሁሉም ነገር ይወራል፤ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ጎረቤት ፍቺ። ስለ ሽታው ግን አንድም ቀን ሲወራ አልሰማሁም።

አንድ ቀን ዶራ ከሚባለው ሰፈር በሰርቪስ ታክሲ ስንመለስ ሹፌሩ አፍንጫውን በሸሚዙ ሸፍኖ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመ። «ውረዱ፤ ይሄ ምንድነው፣ የሞተ ነገር ይዛችኋል?» አለን። እኔ ልሰድበው አፌን ስከፍት ሚርና ቀደመችኝ። «ያዝነው እኔን ነው፤ እስካሁን አልሞትኩም» አለችው። ሰውዬው ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቅ ጀመር፤ አላህ ይማርሽ፣ እህቴ፣ መልአክ ትመስያለሽ አላት። እሷ በሩን እንድከፍትላት በአገጯ አሳየችኝና ወረደች። «ስድቡን ችዬው ነበር፤ መልአኩን ነው ያልቻልኩት» አለችኝ።

ከዚያ የጄሉ ነገር መጣ። አንድ ኩባንያ ቁስል የሚያደርቅ ጄል ሠርቶ በሕመምተኞች ላይ ይሞክር ነበርና ሚርናም ገባችበት። አጥኚዎቹ የክንዷን አንዲት ቁስል መረጡ። በየጊዜው ፎቶ ያነሷታል፣ በማስመሪያ ይለኳታል። ቁስሏ እውነትም ጠበበች። «ታካሚዋ ተሽሏታል» ብለው ጻፉ። ያን ሰሞን ሚርና ከማሳከኩ የተነሳ እንቅልፍ አጥታ፣ ጀርባዋ በሞላ ተላጦ፣ ሽታዋን ራሷ መቻል አቅቷት በረንዳ ላይ ነበር የምትውለው።

«ተሽሎኛል አሉ» አለችኝ ምሳዋን እያጎረስኳት። «የተሻለው ክንዴ ነው። ክንዴን እንኳን ደስ አለህ በይልኝ።»

ሐኪሟ ዶክተር ሊና ትባላለች። ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም፤ ሚርና ከሐኪሞች ሁሉ የምታከብረው እሷን ብቻ ነበር። ስለ ጄሉ ስትነግራት ዶክተር ሊና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ችግሩ ይሄ ነው አለቻት፤ አንዱ አገር የቁስል ስፋት ይለካል፣ ሌላው እብጠት ይቆጥራል፣ ሌላው ክብደት ይመዝናል፤ የትኛው መድኃኒት ከየትኛው እንደሚሻል ማንም ማወዳደር አይችልም። አሁን ከብዙ አገር ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎች፣ የመድኃኒት ኩባንያዎችና ሕመምተኞች እዚሁ ቤሩት ሊሰበሰቡ ነው። ከእንግዲህ ይህን በሽታ ለማከም የሚሞክር ሁሉ «ተሻለ» ከማለቱ በፊት ምን ምን መለካት እንዳለበት ይስማማሉ። «አንቺም ድምፅ ይኖርሻል» አለቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገሩን ልረዳው ሞከርኩ። «ሁሉም በየራሱ ቁና ሲሰፍር ኖሮ አሁን አንድ ቁና ሊያወጡ ነው ማለት ነው?» አልኳት፤ ቁና ምን እንደሆነም አስረዳኋት።

«ያኒ፣ እንደዚያ ነገር። እኔ ደግሞ ውስጡ ምን እንደሚሰፈር ልነግራቸው ነው።»

ስብሰባው ከሲን ኤል ፊል ብዙም የማይርቅ ሆቴል ነበር። ገና ከበሩ ጥበቃው ሠራተኞች ታች ይጠብቁ አለ። ሚርና የታሸጉ እጆቿን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «ሠራተኛ አይደለችም፤ እጄ ናት። እጄን ታች ትቼ ልግባ?» አለችው። ገባን። እናቷ ግራጫ ልብሷን ለብሳ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

አዳራሹን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። በየጠረጴዛው የስም ካርድ ቆሟል፤ በየካርዱ ጥግ ቢራቢሮ ታትሟል። ኬኩ ላይ ሳይቀር ከስኳር የተሠራ ቢራቢሮ አለ። ከዘር የወረደ መከራ ሊያወሩ መጥተው ልደት አስመስለውታል።

ድምፅ የሚሰጠው በካርድ ነው፤ አረንጓዴ «የግድ ይለካ»፣ ቀይ «አያስፈልግም»። ሚርና ካርድ መያዝ ስለማትችል እኔ እይዝላታለሁ፤ በጆሮዬ የነገረችኝን አነሳለሁ። ፋሻ ሲቀየር ያለው ሕመም፣ አረንጓዴ። ማሳከክ፣ አረንጓዴ። መዋጥ መቻል፣ አረንጓዴ። እነዚህ አለፉ። አንድ ክራባት ያሰረ፣ ከኩባንያ የመጣ ሰውዬ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። በመጨረሻ እጁን አወጣ። ይቅርታ፣ አለ፣ እዚያ ጋ ድምፅ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግልጽ ቢደረግ፤ ሕመምተኛዋ ናት ወይስ የቤት ሠራተኛዋ?

ሚርና ወደ እሱ ዞረች። «እኔ ነኝ። ጣቶቼን ማየት ከፈለግህ ዛህራ ፋሻውን ትፈታልሃለች። ዛህራ፣ ፍቺው።»

እኔም ጫፉን ያዝኩ። ከሦስት አቅጣጫ «ኖ፣ ኖ፣ አያስፈልግም!» ተባለ። ሰውዬው ቀልቶ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ከምሳ በፊት ድምፅ የሚሰጥበት የመጨረሻው ነገር ሽታ ነበር። ዶክተር ሊና አቀረበችው። ክራባታሙ ሰውዬ ሽታን የሚለካ መሣሪያ የለም አለ። ሰብሳቢው፣ ሽበታም ፕሮፌሰር፣ ሁሉንም ነገር ማስገባት አንችልም፣ ዋና ዋናው ይበቃናል አለ። ከመካከላቸው አንዷ ደግሞ ይህ ሕክምና ሳይሆን የውበት ጉዳይ ነው አለች። የውበት! ቀይ ካርዱ ከየአቅጣጫው ተነሳ። እኔ የሚርናን አረንጓዴ ካርድ ከፍ አድርጌ ያዝኩ።

ምሳ ላይ እናቷ ሌላ ጠረጴዛ ስትይዝ እኛ ከዶክተር ሊና ጋር ክብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ሙሉ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ፣ «የውበት ጉዳይ» ያለችው ሴትዮ፣ ክራባታሙ፣ ሌሎችም። ቀኑ የነሐሴ ቀን ነው፤ ፋሻዋ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀየረም። እኔ ሾርባዋን በማንኪያ እያበረድኩ አጎርሳታለሁ። መጀመሪያ ክራባታሙ ስልክ መጣልኝ ብሎ ተነሳ። ከዚያ ሴትዮዋ ቡና ላምጣ አለች። ሌላው «ፓርዶን» ብሎ ሳህኑን ይዞ ሄደ። ፕሮፌሰሩ ትንሽ ታገለ፤ ለዚያ ላመስግነው፤ ግን እሱም የሚያነጋግረው ሰው ትዝ አለው። ሾርባው ሳያልቅ ጠረጴዛው ላይ እኔ፣ ሚርናና ዶክተር ሊና ብቻ ቀረን። አጠገባችን ግማሽ የተበሉ ሳህኖች ተደርድረዋል። እነዚያ አፎች ከአፍታ በፊት ሽታ አስፈላጊ አይደለም ያሉ አፎች ናቸው። ማስመለስ የፈለግኩት ያኔ ነው፤ በቁስል አይደለም።

ሚርና ግን ታይ የነበረው ባዶዎቹን ወንበሮች ነው፤ አንድ በአንድ። «ዶክተር» አለች፤ «ከሰዓት በኋላ መናገር እፈልጋለሁ። በዐረብኛ። አንቺ ተርጉሚልኝ።»

ስትናገር አልጮኸችም። ጉሮሮዋ ስለማይችል ሁልጊዜም ዝግ ብላ ነው የምትናገረው፤ ሰዉ ለመስማት ጎንበስ አለ።

«ከምሳ በፊት ሽታ አስፈላጊ አይደለም ብላችሁ በእጃችሁ ወሰናችሁ» አለች። «ምሳ ላይ ደግሞ አብራችሁኝ ተቀምጣችሁ ነበር። ሙስዮ፣ አንተ ስልክ መጣልህ፤ ስልክህ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማዳም፣ አንቺ ቡና ልታመጪ ሄድሽ፤ ቡናው ፊትሽ ነበር። አልቀየምኳችሁም። እኔም ብችል ከራሴ ተነስቼ እሄድ ነበር። ግን በእግራችሁ ድምፅ ሰጥታችኋል። መሣሪያ የለውም አላችሁ፤ መሣሪያው እናንተ ናችሁ። ከእኔ ወንበር ምን ያህል እንደራቃችሁ ለኩት። ነገ አንድ ሰው ቁስሌን አጥብቦ፣ ሰው አጠገቤ መቀመጥ ሳይችል፣ ዳነች ብሎ ይጽፋል። እኔ አልዳንኩም። እምቢ እላለሁ።»

ዶክተር ሊና ቃል በቃል ተረጎመችው። ፕሮፌሰሩ ደንቡ ያለቀ ነገር እንደገና እንዲከፈት አይፈቅድም ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ የሚርናን ፊት አይቶ ተወው። ድምፁ ድጋሚ ተሰጠ። አረንጓዴው በዛ። ክራባታሙ ቀዩን እንደያዘ ቀረ፤ ቢያንስ ቃሉን የማያጥፍ ደረቅ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ «ሽታ» የሚለው ቃል ያስከፋል ብለው በቃሉ ላይ መከራከር ጀመሩ። ጠረን ይባል፣ ምቾት የማይሰጥ መዓዛ ይባል... ሚርና ምላሷን አጮኸች። «ግማት በሉት» አለች። በመጨረሻ ሽታ ብለው ጻፉት።

መኪና ውስጥ እናቷ ፈነዳች። «ፈዳሕቲና!» አለቻት። አዋረድሽን ማለቷ ነው። «ቤቴ ይሸታል ብለሽ ለዓለም ተናገርሽ! እኔ ስንት ዓመት...» መጨረስ አልቻለችም። ሚርና በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ብዙ ቀን አልተነጋገሩም። እኔ መሐል ሆኜ ከአንዷ ወደ ሌላዋ «ሾርባው ደርሷል»፣ «መድኃኒቱ አልቋል» እያልኩ አመላልስ ነበር።

ያስታረቃቸው ሆስፒታሉ ነው። ከወራት በኋላ ለክትትል ስንሄድ ዶክተር ሊና አዲሶቹን ጥያቄዎች ከፊቷ አድርጋ መጠየቅ ጀመረች። ሕመም፣ ማሳከክ፣ እንቅልፍ። ከዚያ፦ «በዚህ ሳምንት የቁስሉ ሽታ ከሰው ጋር እንዳትሆኚ ምን ያህል ከለከለሽ?»

ማዳም ኢቬት ፈጠን ብላ «እኛ ቤት ሽታ የለም፣ ኑሽኩር አላህ፣ ተመስገን» አለች።

«ማማ፣ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለቻት ሚርና። ከዚያ ለሐኪሟ መለሰች፤ በረንዳው ላይ መዋሏን፣ እንግዳ ሲመጣ መደበቋን፣ ትራሷን ስታሸት ማልቀሷን። ለቅሶውን እኔም አላውቅም ነበር። ማዳም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨብጣ ሰማችው።

በማግስቱ ፋሻ ስቀይር በሩ ተከፈተ። ማዳም እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። ሚርና «ማማ፣ ያስመልስሻል» አለቻት። «ያስመልሰኛ» አለች። አስመለሳትም። አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰችና ገንዳው አጠገብ ተንበረከከች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጀርባዋን ፋሻ የምታነሳው እሷ ሆነች። እጇ አልለመደም፤ ትቸኩላለች፣ ትልጣለች። ሚርናም ያለ ርኅራኄ ትሰድባታለች። እኔ ግን እንደዚያ ሰሞን ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ከዚያ አንዱ ቁስሏ አልድን አለ። ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ እንደሚሆነው ወደ ካንሰር ተቀየረ። ወንድሟ ፈረንሳይ ስለሚኖር ወደዚያ ሊወስዷት ወሰኑ። ለእኔ ቪዛ አልተገኘም። ስንለያይ ማቀፍ አይቻልም፤ ቆዳዋ አይችለውም። ግንባሯን በአየር ላይ ሳምኩት። «አታልቅሺ፣ አራፍ» አለችኝ፤ የእሷም ዓይን ግን ሞልቶ ነበር።

እዚያ ከገቡ በኋላ ማዳም ኢቬት አንድ ቀን ደወለችልኝ። ሚርና ደክማለች፣ መናገር ሁሉ ያቅታታል አለችኝ። ከዚያ ድንገት ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ አወጣች።

«ዛህራ፣ ዛሬ ምን ሆነ መሰለሽ? አንዲት ነርስ መጣች፣ ፈረንሳዊት፣ ሕፃን የምትመስል። ማን እንደሆንን አታውቅም። ጥያቄ ልጠይቅሽ ብላ ጀመረች። ሕመም፣ ማሳከክ... ከዚያ ‹የቁስሉ ሽታ ምን ያህል ያስቸግርሻል?› አለቻት። ሚርና ሳቀች። ከንፈሯ እስኪሰነጠቅ ሳቀች። ‹ይቺ ጥያቄ የእኔ ናት› አለቻት።»

«ነርሷስ ምን አለች?» አልኳት።

«ምን ይገባታል? ‹እሺ ማዴሞዜል፣ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ልጻፍ?› አለቻት።»

«ሚርናስ?»

«ዐሥር ጻፊ አለቻት።»